ባንድ ቧንቧ አምስት ምድጃ

ቤቱን ማሳመር የሚጠላ ሰው የለም። ተንዚላም ኩሽናዬ ይመር አለች እንጂ የሰው ሥጋ ይቃጠል ብላ አልተነሳችም። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ «ምን አለበት?» ተብሎ ያልተጀመረ ስንት ጥፋት ታውቃላችሁ?

ፓኪስታን አገር፣ ራዋልፒንዲ ከተማ ውስጥ ቆርቆሮ ሠሪዎች ሰፈር የሚባል ጉራንጉር አለ። ሁለት ባጃጆች ፊት ለፊት ከተገናኙ አንዱ ወደ ኋላ እስኪመለስ ሲሰዳደቡ የሚውሉበት ጥበት ነው። ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀዋል። የሁሉም ጋዝ የሚመጣው በአንዲት ቀጭን ቧንቧ ነው፤ እሷም በአያቶቻቸው ዘመን የተቀበረች ናት። በሙቀቱ ወራት ለሁሉም ትበቃለች። ብርዱ ገብቶ ከተማው ማሞቂያውን ሲለኩስ ግን ጋዙ ይሳሳና ነበልባሉ ጥፍር ያክላል፤ ምስር ለመቀቀል ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሰፈሩ ይህን ለምዶት በየተራ ያበስል ነበር። እነ እገሌ ቁርስ ሲሠሩ እነ እገሌ ይጠብቃሉ። ማንም ያወጀው ሕግ አልነበረም፤ መተፋፈር ብቻ ነበር።

ተንዚላን ያነሳሳት የባሏ እህት ኑዝሃት ናት። በበዓል ቀን፣ እንግዳ በተሰበሰበበት፣ ኩሽናው በር ላይ ቆማ፣ «ይሄ ኩሽና ነው ሻይ ቤት?» አለች። እንግዳው ሁሉ ሳቀ። የተንዚላ ባል መዝሃርም አብሮ ሳቀ። ያቺ ሳቅ ተንዚላ ሆድ ውስጥ ገብታ አልወጣችም።

ባልና ሚስቱ ስቶቭ ሊመርጡ ገበያ ወረዱ። ተንዚላ ዓይኗ ያረፈው ባለ አምስት ምድጃ፣ ከሥሩ በግ የሚያስገባ ኦቭን ያለው፣ ፊቱ እንደ መስታወት የሚያበራ ስቶቭ ላይ ነበር።

«ሁለት ራሳችን ነን፣» አላት መዝሃር። «ባለ ሁለት ምድጃ ይበቃናል። መጋገር ካማረሽ ትንሽ የኤሌክትሪክ ኦቭን እንጨምር።»

«እህትህ ስትስቅብኝ አብረህ ስትስቅ የነበርከው ሰውዬ አሁን ነው ምክር የመጣልህ?»

ጥፋተኛ ባል ክርክር አይችልም።

ሻጩ ጣልቃ ገባ። «ስቶቩ ጋዝ ይበላል፣ አልዋሽሽም። ቧንቧችሁ ይችለዋል?»

«ካልቻለስ?»

ሰውዬው ከባንኮኒው ሥር የዳቦ ቅርጫት የምታክል ሞተር አወጣ። «ይህችን መስመሩ ላይ ታስገጥሚያታለሽ። የሰፈሩን ጋዝ ጠርጋ ትስብልሻለች።»

«ይሄ ክልክል አይደል እንዴ?» አለ መዝሃር።

«ክልክል ነው። እዚህ አገር ክልክል ያልሆነ ምን አለ፣ ጋሼ?»

«የጎረቤቶቹ ጋዝስ?»

«እነሱም ይግዙ። እኔ ለማን ልሸጥ ነው የከፈትኩት?»

ሦስቱም ሳቁ። መዝሃር ሞተሯን በፌስታል ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ቤት ገባ፤ ከዱቄቱ ከረጢት ጀርባም ተገጠመች። ተንዚላ አዲሱን ስቶቭ ስትለኩሰው አምስቱም ምድጃ በአንድ ጊዜ ሰማያዊ ሆኖ ቦግ አለ፤ ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ሞተሯ በቀስታ ትል የነበረው እምምም፣ ለእሷ የድሎት ድምፅ ነበር።

ከግድግዳው ማዶ የምትኖረው ባሏ የሞተባት ብርድ ልብስ ሰፊ፣ እትዬ ሱሪያ ናት። ተንዚላ ሙሽራ ሆና የገባች ሰሞን ማድቤቱን እስክትለምድ ድረስ ምግቧን እየሠራች በጎን በር ታቀብላት የነበረች ሴት። አንድ ቀን ጠዋት በሻርፕ ተጠቅልላ፣ ጉንፋን አፍኗት እየተሳለች መጣች።

«ልጄ፣ እሳቴ አሁንም አሁንም እየጠፋ መከራዬን አየሁ። የናንተስ?»

«የኛም እንደዚያው ነው፣ እትዬ፣» አለች ተንዚላ፣ በሩን በሰውነቷ ከልላ።

«ሞተር የሚያስገጥሙ አሉ ይባላል። እናንተ እንደማታደርጉት አውቃለሁ። የሚያደርገውን ካወቅሽው ግን ንገሪልኝ። ሞተሩ ሲስብ የኔን እሳት ያጠፋዋል። ሲቆም ደግሞ ጋዙ ተመልሶ ይመጣል፤ እሳት በሌለበት ምድጃ ዝም ብሎ ቤቱን ይሞላል። ሰው ይገድላል፣ ልጄ።»

«ውይ፣ እነግራለሁ።»

በሩን ዘጋች። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ከብዷታል። ግን ለራሷ ምን አለች መሰላችሁ? «ሁሉም አለው። እኔ ብነቅል የማን ይስተካከላል?» ይህች አባባል ስንት ሰፈር እንዳፈረሰች የሚቆጥር ቢገኝ ጥሩ ነበር።

አርብ ዕለት ኑዝሃት ከሰዓት ልትመጣ ቀጠሮ ነበራት። ተንዚላ ከጠዋት ጀምራ ዶሮ ዘፍዝፋ፣ ኬክ አቡክታ ሞተሯን አስነሳች። ብዙም ሳይቆይ በሩ በቡጢ ተደበደበ። የእትዬ ሱሪያ ልጅ ጁነይድ ነው፤ ባጃጅ ነጂ፣ አፉ የማይዘጋ ጎረምሳ።

«አጥፉት፣» አለ። «እናቴ ከጠዋት ጀምሮ አራቴ ለኩሳ አራቴ ጠፍቶባታል። የሞተሩ ድምፅ በግድግዳው ይሰማኛል።»

«የፍሪጅ ድምፅ ነው፣» አለ መዝሃር።

«ፍሪጅህ ጋዝ ይጠጣል? አሳልፈኝ ልየው።»

ጁነይድ ትከሻውን በሩ ላይ አሳረፈ። መዝሃር በተፈጥሮው ተደባዳቢ አልነበረም፤ ግን ውሸቱ ሊጋለጥበት የደረሰ ሰው ከምላሱ እጁ ይቀድማል። በቡጢ አፉን ሲለው ጁነይድ ደረጃው ላይ ተንከባለለ። ተነስቶ የመዝሃርን አንገት ያዘ። መዝሃር ጭንቅላቱን ከበሩ መቃን ጋር አጋጨው፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ። ጎረቤት መሀል ገብቶ ሲያላቅቃቸው ጁነይድ ጥርሱን ከደም ጋር ተፋ። «አንድ ቀን በዚህ ነገር ሰፈሩ ይነዳል፣» ብሎ እየጮኸ ሄደ። ሁሉም ሰማው።

ተንዚላ የደረጃውን ደም በጨርቅ ጠርጋ ወደ ኬኳ ተመለሰች።

ኑዝሃት መጣች። ስቶቩን አይታ ቅንድቧን ከፍ አደረገችና፣ «ደህና ነው፣» አለች። ተንዚላ ኬኩን አወጣች፤ እሳቱን አጠፋች፤ ሞተሯንም ዘጋች። ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ሳለ ግድግዳው ወደ እነሱ መጣባቸው።

ተንዚላን የፍንዳታውን ድምፅ ከመስማቷ በፊት ደረቷ ላይ ያረፈው ግፊት ነው የጣላት። መደርደሪያው ከነሳህኑ ወረደ። ኑዝሃት ጠረጴዛው ሥር ወድቃ ትጮሃለች። በተሰነጠቀው ግድግዳ ብርሃን ይገባል፤ በብርሃኑ ውስጥ እሳት አለ። ተንዚላ እየዳኸች መስኮቱ ጋ ደርሳ ወደ ታች አየች።

እትዬ ሱሪያ ከቤቷ ወጣች። እሳቱም አብሯት ወጣ። ፀሐይ ላይ ልታሰጣ ጣሪያ ላይ ያወጣችውን ብርድ ልብስ ትታ፣ ጥዳው የነበረውን ምስር ልታይ ወርዳ ነበር። የምድጃዋ እሳት ጠፍቶ ጋዙ ቤቱን ሞልቷል፤ መስኮቱ ለብርዱ በጨርቅ ተወትፏል፤ አፍንጫዋ በጉንፋን ተደፍኖ ሽታው አልገባላትም። ክብሪት ጫረች። አሁን ሻርፗ አንገቷ ላይ ቀልጦ ተጣብቋል፤ እጆቿን ከሰውነቷ አርቃ፣ የሌላ ሰው እጆች የያዘች ይመስል፣ ጉራንጉሩ መሀል ቆማለች። ሰዎች በብርድ ልብስ ጠቅልለው መሬት ላይ አንከባለሏት። ስትነሳ የእጇ ቆዳ ብርድ ልብሱ ላይ ቀረ።

ጁነይድ ከባጃጁ ዘሎ ወርዶ ወደ እናቱ ሲሮጥ፣ «ያዙት፣» የሚል ድምፅ ከሰዉ መሀል ተሰማ። ተንዚላ ድምፁን አወቀችው። የባሏ ነው።

«ባጃጁ የሚሄድበትን የጋዝ ሲሊንደር ከቤት ቧንቧ ሲሞላ በዓይኔ አይቻለሁ፣» አለ መዝሃር። «የገዛ እናቱን አነደዳት። ጠዋት ሰፈሩ ይነዳል ሲል አልሰማችሁም?»

ሰምተዋል። የደነገጠ ሕዝብ የሚመታው ሰው ይፈልጋል። የመጀመሪያው በጥፊ ጀመረ፤ ሁለተኛው በእንጨት። ከዚያ የቆርቆሮ መዶሻ መጣ፤ በዚያ ሰፈር መዶሻ የሌለበት ቤት የለም። ጁነይድ ፊቱን በክንዱ ሲከልል ክንዱ ሲሰበር ቀጭ ያለው ተንዚላ መስኮት ድረስ ተሰማ። መዝሃር ከፊት ሆኖ በእርግጫ ይለዋል። የሚመታው ጁነይድን ብቻ አልነበረም፤ ከዱቄቱ ከረጢት ጀርባ ያለውን ነገርም ሊገድል ይመስል ነበር።

ተንዚላ ወደ በሩ ስትዞር ኑዝሃት ቀሚሷን ጨምድዳ ያዘቻት።

«የት ነው? ዝም በይ። ባልሽን ልታስገድይው ነው?»

«ልጁን እየገደሉት ነው።»

«ልጁ ያንቺ አይደለም። ባሏን አሳልፋ የሰጠች ሴት መጠጊያ የላትም፤ እሱን እኔ አሳይሻለሁ።»

ተንዚላ ፈራች። ፍርሃቷ እውነተኛ ፍርሃት ነው፤ ቤቷን፣ ስሟን፣ ባሏን አጥታ ብቻዋን ደጅ ልትወድቅ እንደምትችል አውቃለች። ግን ከታች ጁነይድ መጮህ አቁሟል። ያስደነገጣት እሱ ነው። የኑዝሃትን እጅ መንጭቃ አላቀቀች፤ ዋናውን የጋዝ መክፈቻ ዘጋች፤ ሞተሯን ከነቱቦዋ ገንጥላ በደረቷ ተሸክማ ወረደች።

ሕዝቡን በክርኗ እየጣሰች ገባችና ጁነይድ ላይ ተደፋች። ለእሱ የተሰነዘረ እንጨት ግንባሯን ፈነከተው። ደሟ ዓይኗ ውስጥ እየገባ ሞተሯን አስፋልቱ ላይ አስቀመጠች።

«እትዬ ሱሪያን ያቃጠለችው ይህች ናት፣» አለች። «የኔ ናት። ልጁ ምንም አላደረገም። ባሌ ዋሽቷል፤ እኔም ዋሽቻለሁ።»

ሁሉም ቀጥ አለ። ከዚያ ዓይን ሁሉ ወደ መዝሃር ዞረ፤ አሁን ደግሞ እሱ ወደ ግድግዳው አፈገፈገ። ከሁሉም ፊት የነበረው ቆርቆሮ ሠሪው ጉልዛር ነው። መዶሻውን ከፍ አድርጎ ወደ መዝሃር ሲራመድ ሰዉ ትንፋሹን ዋጠ፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ ከራሱ ከጉልዛር ቤት መስኮት አንድ ድምፅ ወጣ። እምምም። ሚስቱ ምሳ ሠርታ ሞተሩን ሳታጠፋ ነበር የወጣችው።

ሁሉም ሰማ። ጉልዛር የተነሳ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ቀስ ብሎ አወረደው። አንዱ አንገቱን ደፋ፤ ሌላው እንጨቱን ግድግዳ ሥር ጣለ። ለካ ግማሹ ሰፈር እዚያ የቆመው በየቤቱ ሞተር ደብቆ ነው።

ጁነይድ ተረፈ፤ አንዱ ዓይኑ ግን አልዳነም። መዝሃርን ፖሊስ ወሰደው፤ ተፈርዶበትም ታሰረ። ኑዝሃት ለዘመድ ሁሉ ዞራ፣ «ወንድሜን ያሳሰረች እባብ፣» እያለች የተንዚላን ስም አጠፋች። ተንዚላም ከቤቷ በቀር የፈራችው ሁሉ ደረሰባት። ባለ አምስት ምድጃውን ሸጣ ገንዘቡን ለእናትና ልጁ ሕክምና አዋለችው። ሰፈሩ ሞተሮቹን ነቅሎ ጨረሰ እንዳልላችሁ፣ አልጨረሰም። ብዙዎቹ ነቀሉ። የቀሩ አሉ፤ ራሳቸውን ያውቃሉ።

እትዬ ሱሪያ ከሐኪም ቤት ስትወጣ ተንዚላ ልትቀበላት ሄደች። እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል አሮጊቷ አስቆመቻት።

«ተነሺ። ይቅርታውን አላህ ልቤ ውስጥ ሲያስገባልኝ እነግርሻለሁ፤ እስካሁን አላስገባልኝም። አሁን የሚያስፈልገኝ ስቶቭ ነው። ምርጫ ላይ ጎበዝ ነሽ፤ ነይ ምረጪልኝ።»

ሄዱ። ተንዚላ በዚህኛው ጉዞ የሚያበራ ነገር አልፈለገችም። ባለ ሁለት ምድጃ፣ ነበልባሉ ከጠፋ ጋዙን ራሱ የሚዘጋ ስቶቭ መረጠች። ሻጩ አጠቃቀሙን አሳየ፤ ማዞሪያውን ወደ ውስጥ ተጭኖ ማዞር፣ እሳቱ እስኪይዝ ድረስም ጣትን አለማንሳት ነው።

እትዬ ሱሪያ ጣቷን ዘረጋች። ቆዳው ተኮማትሮ ጣቶቿን አንድ ላይ ሰፍቷቸዋል። ማዞሪያውን ነካችው፤ ልትጨብጠው አልቻለችም። በመዳፏ ሞከረች፤ ተንሸራተተ። በሁለት እጇ ስትሞክር ከንፈሯን ነከሰች። ሻጩ ሌላ ስቶቭ አመጣ፤ ሌላም አመጣ። አደገኛዎቹ በቀላሉ ይዞራሉ፤ ደህንነት ያላቸው ሁሉ የሚጫን ጣት ይፈልጋሉ።

«የመጀመሪያውን ጠቅልልልን፣» አለች ተንዚላ።

«እኔ እንዴት ልለኩሰው?» አለች እትዬ ሱሪያ።

«እኔ እለኩስልሻለሁ። ጠዋትም፣ ቀንም፣ ማታም።»

እትዬ ሱሪያ እጆቿን ወደ ሻርፗ ሥር መለሰች። «እስክሞት ድረስ ነው ታዲያ፣» አለች።

«እስክትሞቺ።»

እናንተም ስቶቭ ልትመርጡ ስትሄዱ ምድጃውን ከመቁጠራችሁ በፊት ከቧንቧው የሚጠጣውን ጎረቤት ቁጠሩ። መስኮት ክፈቱ፤ የጠፋ እሳት ስታገኙ ክብሪት አትጫሩ፤ መስኮቱን ከፍታችሁ ውጡ። ከሁሉም በላይ «ሁሉም አለው» አትበሉ። ተንዚላ ዛሬም በዚያ ጉራንጉር አለች። ጎህ ሲቀድ የጎረቤቷን በር ከፍታ ገብታ፣ ማዞሪያውን ተጭና፣ እሳቱ እስኪይዝ ጣቷን ሳታነሳ ትቆማለች። አሮጊቷም ከኋላዋ ቆማ፣ እጆቿን በሻርፗ ሥር ይዛ፣ ትጠብቃለች። ይቅርታውን ገና አልነገረቻትም።