«መርፌውን ነገ እጀምራለሁ»

ሟቿ የተገኘችው ማለዳ፣ ወደ ጣሪያው ሰገነት በሚያወጣው የጓሮ ደረጃ ግርጌ ነበር። እግሯ ባዶ ነው፤ የቀሚሷ ጠርዝ ረጥቧል። ሰገነቱ ላይ የቤቱ መጋረጃዎች በሙሉ ታጥበው ተሰጥተዋል፤ ውሃቸው ገና ደረጃው ላይ ይንጠባጠባል። ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች የስሜት መዋዠቅ ሕመም እንደነበረባት ሲሰሙ ነገሩን በአንድ ቃል ጨረሱት፤ ራሷን ወርውራለች አሉ።

በዕድሜ ገፋ ያለችው መርማሪ ግን ተንበርክካ የሟቿን ቀኝ እጅ ተመለከተች። ሁለት የልብስ መቆንጠጫዎች ጨብጧል።

«ልትሞት የወጣች ሰው መቆንጠጫ ምን ያደርግላታል?» አለች።

ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት ገለባ በእጇ አያልፍም ለማለት ነው።

መኝታ ቤቱ መስኮቱ ራቁቱን ቀርቶ ያለ ርኅራኄ በርቷል። በሟቿ በኩል ባለው ኮመዲኖ ላይ ግማሽ ውሃ የያዘ ብርጭቆና የካፕሱል ዕቃ ተቀምጠዋል። ቀጭን የጉንዳን ሰልፍ በኮመዲኖው እግር ወጥቶ በዕቃው ክዳን ስር ይገባል። መርማሪዋ ሰልፉን ብዙ ቆማ አየችው። ከአልጋው ስር ባለው ቅርጫት ደግሞ ሰማያዊ ክር ያለው መርፌ የተሰካበት ነጭ ጨርቅ አገኘች፤ ገልጣ አየችውና መልሳ አጠፈችው። ወጥ ቤት ገብታ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። ከወተቱ ጀርባ ለማርገዝ የሚረዱ መርፌዎች እንደታሸጉ ተቀምጠዋል።

ባልየው ሰዓት ሠሪ ነው። ሊሠራ ሳይሆን ሌላ የሚቀመጥበት ጠፍቶት የሥራ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«ልጅ የፈለጋችሁት ሁለታችሁም ናችሁ?» አለችው።

«የጠየቅኳት እኔ ነኝ። እሷም ትፈልግ ነበር፤ ግን መርፌው ስሜቴን ያናውጠዋል ብላ ፈራች። ‹ልጅ አግኝቼ ራሴን ባጣስ?› ትለኝ ነበር። ሁለቱ ሐኪሞቿ ተመካክረው እስኪነግሯት እየጠበቀች ነበር እንጂ ገና አልወሰነችም።»

«የስሜት መድኃኒቷንስ ትታው ነበር?»

«ውሃውን የማቀብላት እኔ ነኝ። በዓይኔ እያየሁ ትውጣለች። ሆኖም ሰሞኑን እንቅልፍ አጣች፤ ቤቱን ስታጥብ ታድራለች። ሐኪሟ ጋ ለዛሬ ጠዋት ቀጠሮ ይዤላት ነበር።» ቀና አለ። «አይደብቁኝ። እኔ ነኝ የገደልኳት? ባልጠይቃት ኖሮ…»

«ገና አላውቅም» አለች መርማሪዋ። ከማጽናናት ይልቅ እውነቱን መረጠች።

የሟቿ እህት ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ዓይኗ አብጧል፤ ምላሷ ግን እንደ ምላጭ ነው።

«ካፕሱል ከፍቶ መልሶ መዝጋት ከባድ ነው?» አለቻት መርማሪዋ።

«እጁ ለረጋ ሰው ቀላል ነው። እኔ እችላለሁ። እሱም የዝንብ ዓይን የምታክል ብሎን ሲፈታ ነው የሚውለው። ሁለታችንንም ማሰር ነው እንግዲህ።»

«ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆና ያገኘሻት መቼ ነው?»

«ሳይብስባት በፊት ደውላልኝ ነበር። መድኃኒቱ እጇን እያንቀጠቀጠው ጥልፍ ትታ ነበር። ሐኪሙ መጠኑን ሲያስተካክልላት እጇ ረጋ። በደስታ ነው የነገረችኝ፤ ግን በሹክሹክታ።»

«ለምን በሹክሹክታ?»

«ስጦታ ነዋ። የሚሰጠው ሰው እንዳይሰማ።»

የባልየው እናት ምድር ቤት ይኖራሉ፤ ከበራቸው አጠገብ ትንሽ ኬክ ቤት አላቸው። መርማሪዋን ወንበር ጠርገው አስቀመጧት።

«እንደ ልጄ ነበር የማያት» አሉ። «ጤናዋም ደህና ነበር። መርፌውን ከጀመረች ወዲህ ነው እንዲህ የሆነችው።»

መርማሪዋ ቀና ሳትል «ጀመርኩ ብላ ነገረችዎት?» አለች።

«የቤት ነገር ለቤት ሰው አይሰወርም፣ ልጄ።» እጅጌያቸው ላይ ያለውን ነጭ ብናኝ አራገፉ።

የምርመራው ውጤት ሲደርስ መርማሪዋ ሦስቱንም መጋረጃ በሌለው ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ከውጭ የሚያልፍ ሰው ጥላ ግድግዳው ላይ ሲያልፍ ሁሉም ዞረው ያያሉ።

«ራሷን አልገደለችም» ብላ ጀመረች። «መጋረጃ ልታሰጣ ወጥታ፣ እርጥቡ ደረጃ አንሸራትቷት ወደቀች። ሕመሙ ግን ተነሥቶባት ነበር። ለምን? ባሏ መድኃኒቷን ስትውጥ ያያል፤ ደሟ ውስጥ ግን መድኃኒቱ የለም።»

«እንዴት ይሆናል?» አለ ባልየው።

«እኔንም ያስቸገረኝ እሱ ነው» አለችና ወደ እህትየዋ ዞረች። « እስቲ አንቺ ንገሪን፤ ጉንዳን የስሜት መድኃኒት ይወዳል?»

«ጉንዳን ምን በወጣው» አለች እህትየዋ። ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። «ስኳር…»

«ካፕሱሎቹ ውስጥ ያለው ኬክ ላይ የሚነሰነሰው የዱቄት ስኳር ነው። ሁላችሁም እጃችሁ የረጋ ነው። ስለዚህ እጁን ትቼ ምክንያቱን ፈለግሁ። ሰው ይህን መድኃኒት በስውር የሚያስቀረው ለምንድን ነው? ለሚረገዘው ልጅ ፈርቶ። ለዚህ ግን መርፌው እንደተጀመረ ማመን አለበት። ባልየው እንዳልተጀመረ ያውቃል፤ እህትየዋ ስለ ጥልፍ ብቻ ነው የሰማችው። ማቀዝቀዣው ውስጥ ማሸጊያው አልተነካም። ተጀምሯል ብለው የነገሩኝ አንድ ሰው ብቻ ናቸው።»

እናትየው እጃቸውን ጭናቸው ላይ ገጠሙ።

«በሩ ገርበብ ብሎ ነበር» አሉ በቀስታ። «በስልክ ሹክ ስትል በጆሮዬ ሰማኋት። ‹መርፌውን ነገ እጀምራለሁ፤ ለማንም እንዳትነግሪ› አለች። ያ መድኃኒት ልጁን ያበላሸዋል ብዬ… እስክትወልድ ብቻ ነበር። ክፉ አላሰብኩም።»

«ሐኪሞቿን ቢጠይቁስ ኖሮ?»

«ሐኪም የልጅ ልጅ ጉጉት ምን ያውቃል?»

እህትየዋ ተነሥታ ቆማ ነበር። «ለእኔ ነው ያለችው» አለች። «የጥልፉን መርፌ ነው ያለችው።»

መርማሪዋ ነጩን ጨርቅ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የኬክ ቤት ሽርጥ ነው። ደረቱ ላይ በሰማያዊ ክር ሁለት ፊደላት ተጠልፈዋል፤ «እማ»። ሦስተኛው ፊደል ተጀምሮ ቀርቷል፤ መርፌው እዚያው ላይ ተሰክቷል።

እናትየው ሊነኩት እጃቸውን ዘረጉና መለሱት።

ባልየው መርማሪዋን ለጠየቃት ጥያቄ መልስ አግኝቷል፤ መልሱ ግን አላቀለለውም። እናቱ ከፖሊሱ ጋር በሩ ላይ ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው ዞር አሉ።

«ብርድ ነው፤ ሹራብህን ደርብ።»

እናቱ ተናግረው ዝም ብሎ አያውቅም። አሁን ግን ሽርጡ ላይ አጎንብሶ ነበር፤ የሚሰማ አይመስልም። ከወጥ ቤት የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ይመጣል፤ ማንም ያልከፈታቸውን መርፌዎች እያቀዘቀዘ።