ያቃጠልኩት የፍቺ ወረቀት

ይኼን ስታነቡ "ፈጠራ ነው" የምትሉ አትጠፉም። በሉ። እኔ የማወራው የደረሰብኝን ነው። የምጽፍላችሁም በሰው ስልክ ስለሆነ ቶሎ መመለስ አለብኝ።

ኅዳር ወር ነበር። ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ቦታው ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ የቀድሞ ባሌ የባምላኩ ደጅ።

ሌሊት ቢሆን "ጨለማ አሳስቶኝ ነው" እል ነበር። ግን ፀሐይ አናት የምትበሳበት ቀትር ነው...

ስሜ አቻምየለሽ ነው። ከባምላኩ ጋር በፍርድ ቤት ከተፋታን ዘጠኝ ዓመት ሆነን። እጁ አያርፍም ነበር። በመጨረሻው ወር ግራ ዓይኔ አብጦ አልከፈት ብሎ ሰነበተ። በዚያው ጥዬው ወጣሁ።

የፍቺው ውሳኔ ግልባጭ ለሁለታችንም በተሰጠን ዕለት፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ባምላኩ ጠጋ አለኝ።

"ወረቀቷን ደህና አድርገሽ ያዣት" አለኝ በሹክሹክታ። "እሷ ካንቺ ጋ እስካለች ነፃ ነሽ። የጠፋች ዕለት ግን... ሚስቴ ነሽ።"

ሳቅሁበት። የተሸነፈ ሰው ምን የማይለው አለ?

ፍኖተ ሰላም ገብቼ ልብስ እየሰፋሁ መኖር ጀመርኩ። ወረቀቷን ከሳጥኔ ሥር አኖርኳት። ዘንድሮ ምናለ የሚባል ደግ መምህር ለትዳር ጠየቀኝ። እናንተዬ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ኮረዳ አንቀጠቀጠኝ!

ደስታ ደግሞ ያጃጅላል። ጎረቤቴ እሌኒ አንድ ቀን ሳጥኔን ሳስተካክል አየቻትና፣ "የአሮጌ ባል ወረቀት ይዘሽ አዲስ ቤት ልትገቢ? በሞቴ አቃጥያት!" አለችኝ።

እኔ ቂሏ ጥቅምት ላይ ከሰል ውስጥ ጨመርኳት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ሲባል ሳልሰማ ቀርቼ ነው? ሰምቻለሁ! መስማት ብቻውን ምን ያደርጋል።

ወር ሳይሞላ ጋብቻችንን ልናስመዘግብ ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ሄድን።

"የፍቺ ማስረጃዎን ይስጡኝ" አለችኝ መዝጋቢዋ።

"የለኝም።"

"ችግር የለም፣ ከፍርድ ቤት ያወጣሉ። የመዝገብ ቁጥሩን ብቻ ይያዙ።"

ቁጥሩ ያለው ወረቀቷ ላይ ነው። ወረቀቷ አመድ ሆናለች። ሌላው ግልባጭ ያለው ደግሞ አንድ ሰው ጋ ብቻ ነው...

ምናለ "አብሬሽ ልሂድ" ቢለኝ እምቢ አልኩ። ሁለቱን ማገናኘት ፈራሁ።

ከቡሬ በእግሬ ግማሽ ሰዓት ሄድኩ። እማማ ሀብትነሽ፣ የድሮ ጎረቤቴ፣ ደጃቸው ላይ በርበሬ ያሰጣሉ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሲያዩኝ እልል የሚሉ መስሎኝ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና ወደ በርበሬያቸው ተመለሱ።

"እማማ፣ እንደምን ዋሉ?"

"ዛሬስ አፍ አወጣሽ?" አሉኝ። "ትናንት ወንዝ ስትወርጂ ሰላም ብልሽ ዘግተሽኝ አለፍሽ።"

"ትናንት? እኔ ትናንት ፍኖተ ሰላም ነበርኩ እኮ!"

"እንዴ! ከጥቅምት ጀምሮ እዚሁ አይደለሽ እንዴ?"

ጥቅምት...

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ዓይንሽስ፣ ልጄ... በአንድ ሌሊት ዳነልሽ?"

ያኔ መመለስ ነበረብኝ። ግን ያለ ወረቀት ምናለ የለም። ምናለ ከሌለ ደግሞ እኔ ምን አለኝ?

ግቢው ገመድ ላይ አንድ አረንጓዴ ቀሚስ ተሰጥቷል። ጥዬው የወጣሁት ቀሚሴ። ውኃው ገና ያንጠባጥባል።

ባምላኩ ወጣ። ወፍሯል። እሱም መምጣቴ አልደነቀውም።

"ወረቀቷን ፈልገሽ ነው?" አለኝ እየሳቀ። "ውሰጃት። ለኔ ምን ታደርግልኛለች? ሚስቴ እንደሁ ተመልሳልኛለች።"

ዞር ብሎ ወደ ቤት ተጣራ። "አቻም! ያቺን ወረቀት አምጪ!"

"እሺ..." የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

ድምፁ የኔ ነው።

በሩ ገርበብ አለ። እጅ ወጣ... ከዚያ ፊት። የኔ ፊት። ግራ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል።

ወረቀቷን ዘረጋችልኝ። ልይዛት ስል ግን አልለቀቀችም። ሁለታችንም ይዘን ቆምን።

"እኔንም ውሰጂኝ" አለችኝ፣ እሱ እንዳይሰማ።

"አልችልም..."

"አንቺ አይደለሽም ያመጣሽኝ?"

መንጭቄ ሮጥኩ። ስናገረው ያሳፍረኛል፣ ግን ጥያት ሮጥኩ። ከኋላዬ የጥፊ ድምፅ ሰማሁ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ።

በሳምንቱ ከምናለ ጋር ተፈራርመን አንድ ቤት ገባን። ወረቀቷን ፕላስቲክ አስለበስኳት፣ ሦስት ኮፒ አስነሣሁላት፣ ሳጥን ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩት። የፍቺ ወረቀት ስንት ዓመት ይቀመጣል ለምትሉ፣ እስክትሞቱ ነው። ስትሞቱም ለልጆቻችሁ አደራ በሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ድንች ገዝቼ ከገበያ ስመለስ በራችን ከውስጥ ተቆልፏል። ምናለ ይስቃል።

"ዛሬ ደግሞ እንዴት አምሮብሻል!" ይላል።

ማንን ነው?

በመስኮት አየሁ። አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ ወንበሬ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ድኗል። ሳጥኔ ተከፍቷል። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው፣ ዳሰስኩት፣ አለ... ወረቀቷ ግን እሷ ጭን ላይ ናት።

አየችኝ። አልጠላችኝም መሰለኝ። መጋረጃውን ሳበችው።

በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት። ድንቹ ደጅ ላይ ተበተነ። ምናለ ከፈተ።

ትናንት "የኔ ዓለም" ሲለኝ ያደረው ሰው፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለና በአክብሮት ጠየቀኝ።

"ማንን ፈልገው ነው፣ እህቴ?"

"ምናለ! እኔ ነኝ! አቻም!"

"ባለቤቴን ነው? አለች፣ ልጥራልዎት?"

ከኋላዬ ባጃጅ ሲቆም ሰማሁና ዞርኩ።

ባምላኩ ውስጡ ተቀምጧል። አጠገቡ ያለውን ባዶ ወንበር በእጁ አቧራውን እየጠረገልኝ ነበር።