የማታው አራት ዲግሪ

ሟቿ ልብስ ሰፊ ነበረች። ለካንሰር ሕክምናዋ ጠዋት በእግሯ ገብታ፣ ረፋድ ላይ ትውከት አንቋት ሞተች። ማቅለሽለሹን እንዲያስታግስላት የተሰጣት መድኃኒት ከረጢቱ አልጋዋ አጠገብ እንደተንጠለጠለ ነው።

«ጥፋቱ የነርሷ ነው» አለ የሆስፒታሉ ዳይሬክተር፣ መርማሪዋ ገና ሳትጠይቀው። «መጠኑን አሳስታለች። ይዘዋት ይሂዱ።»

«የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል» አለች መርማሪዋ። ነርሷን፣ ፋርማሲስቱንና ዳይሬክተሩን ስልክ ቁጥራቸውን በየራሳቸው የእጅ ጽሑፍ ወረቀት ላይ አስጻፈቻቸው። ከዚያ ከረጢቱን ወደ መስኮቱ አነሳችው። ሥሩ ላይ ደቃቅ ነጭ ነገር ዘቅጧል።

«መቼ ነው የተቀላቀለው?»

«ሐሙስ፣ እኔው ነኝ የቀላቀልኩት» አለ ፋርማሲስቱ። «ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል፤ ከዚያ ይጣላል። እኔ በማግስቱ ዕረፍት ወጥቼ ዛሬ ነው የገባሁት።»

«የከረጢቱ ልጥፍ ግን የትናንት፣ የሰኞ ነው፤ በእጅ 24 ተብሎ ተጽፎበታል።» ጠርዙን በጥፍሯ ላጥ ስታደርገው ከሥሩ የሐሙሱ ልጥፍ ብቅ አለ። «የፍሪጁ ቁልፍ ማን ጋ ነበር?»

«እኔና ዳይሬክተሩ ጋ» አለች ነርሷ። «ልጥፉን አምኜ፣ ወደ ብርሃን እንኳ ሳላነሳው ሰቀልኩት። እጄን ይዛ ነው የሞተችው። የሃያ ዓመት የሥራ ፈቃዴን ይንጠቁኝ፤ ልጆቿን ግን ምን ልበላቸው?»

ኮሪደሩ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ተደግፋ ቆማለች። «ቅዳሜ ከፍሪጁ ሥር ውኃ ጠርጌያለሁ» አለች። «ለዳይሬክተሩ ብነግራቸው፣ ‹ሰኞ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ አንቺ ውኃሽን ጥረጊ› አሉኝ። እሑድ ጠጋኝ ይዘው መጡ።»

ፍሪጁ በር ላይ የሙቀት መመዝገቢያ ተለጥፏል። ጠዋት 4 ዲግሪ፣ ማታ 4 ዲግሪ። ቅዳሜም 4፣ እሑድም 4። መርማሪዋ እስከ ዛሬው መስመር ወረደችና ደሟ ፈላ። ሁሉንም እዚያው ፍሪጁ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«መድኃኒቱ ሐሙስ ተቀላቀለ። ቅዳሜ ፍሪጁ ተበላሸ፤ መድኃኒቱ ሞቀና ዘቀጠ፣ ማስታገሻነቱም ጠፋ። እሑድ መጣል ነበረበት። ግን ሰኞ ለተቆጣጣሪ ባዶ ፍሪጅ ማሳየት ያሳፍራል፤ ለምን ባዶ ሆነ ተብሎም ይጠየቃል። ስለዚህ አንድ ሰው ሐሙስን ሰኞ አደረገው።»

«ቁልፉ እሷም ጋ ነበር» አለ ዳይሬክተሩ ወደ ነርሷ እየጠቆመ።

«ነበር። የእሷ አራት ግን አናቱ ክፍት ነው፤ ስልክ ቁጥሯን ስትጽፍ አይቻለሁ። ልጥፉም፣ መመዝገቢያውም ላይ ያለው አራት አናቱ የተገጠመ ነው። እርስዎ በጻፉት ስልክ ቁጥር ውስጥ አራት ሦስት ጊዜ አለ። ሦስቱም የተገጠሙ ናቸው።»

ዳይሬክተሩ ግንባሩን ጠረገ። «እኔ ሰው አልገደልኩም። ወረቀት ነው የሞላሁት።»

መርማሪዋ ንዴቷን መያዝ አቃታት።

«አዎ፣ ሞልተዋል። አሁን ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ነው፤ የዛሬ ማታውም 4 ተብሎ ተጽፏል። የማታውን ሙቀት ከጠዋቱ ያወቁ ሰው፣ ያቺ ሴት ማታን እንደማታይ እንዴት ጠፋዎት?»

ከግድግዳው ማዶ ስድስት ሕመምተኞች ለዚያው መድኃኒት ወንበር ላይ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ነርሷ ቁልፏን ከኪሷ አውጥታ ፍሪጁን ከፈተች፤ የቀሩትንም ከረጢቶች አንድ በአንድ እያወጣች ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተቻቸው።