የአራተኛ ፎቅ ኬላ

«አትንኪው! መጀመሪያ እጅሽን ጥረጊ!»

ሳንዳ ዳቦዋን በጥርሷ እንደያዘች እጇን ከኮምፒውተሩ ሆድ አወጣች። ሬሙስ እውነቱን ነው፤ ጣቶቿ በዛኩስካ ቀልተዋል። ደበርጃንና ቀይ ቃሪያ ተጠብሶ፣ ተፈጭቶ፣ በዘይት ሲበስል የነካውን አይለቅም፤ የሹራቧ እጅጌም ድርሻውን አግኝቷል። ዛኩስካውን በየመስከረሙ በጠርሙስ ሞልተው የሚልኩላቸው ከላይ አምስተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ቬታ ናቸው። ለምን እንደሚልኩ ሳንዳ ጠይቃ አታውቅም። ሲመጣ ትበላለች፤ አለቀ።

«ማዘርቦርዱ ዛኩስካ አይበላም» አለ ሬሙስ።

«ቢበላስ ካንተ የሚተርፈው መቼ አለና!»

ኮምፒውተሩ የሳንዳ እናት ከምትሠራበት የጥርስ ክሊኒክ የተጣለ አሮጌ ነው። ሲመጣ ውስጡ አቧራ ብቻ ሳይሆን የደረቀ በረሮም ነበረበት። ሁለቱ የክፍል ጓደኞች በቀለም ቡሩሽ ጠራርገው፣ የሞተውን ማራገቢያ ቀይረው፣ ሬሙስ ከአጎቱ ሱቅ ለምኖ ያመጣውን ሁለተኛ የኔትወርክ ካርድ ሰክተውበታል። አንዱ ካርድ ከውጭ የሚመጣውን መስመር ይቀበላል፣ ሌላው ወደ ቤት ያስተላልፋል። መሃል ላይ ፋየርዎሉ እንደ ኬላ ጠባቂ ቆሞ ማን ማለፍ እንዳለበት ይወስናል።

ሐሳቡ የሳንዳ ነበር። ኢንተርኔታቸው ማታ ማታ እየተንቀራፈፈ የፈተና ጥናቷን አበላሽቶባታል፤ ሰው መስመሩን እየጠባባቸው እንደሆነ ደግሞ እርግጠኛ ነች። እናቷ ፈቅዳለች፣ ግን በቅድመ ሁኔታ፦ «ሳሎኔን ካቆሸሸ አንቺም እሱም አብራችሁ ትወጣላችሁ!»

አሮጌው ዕቃ ሲበራ ጮኸ፣ አጓራ፣ ከዚያ ጸጥ ብሎ መሥራት ጀመረ። ሳንዳ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

«ሁሉንም ዝጊ» አለ ሬሙስ ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ። «ከዚያ በስም የምናውቀውን ብቻ እናስገባለን። የፋየርዎል ሀ ሁ ይኸው ነው።»

የእናቷን ስልክ አስገቡ። የሳንዳን ስልክ፣ ላፕቶፑን፣ ቴሌቪዥኑንም አስገቡ። አንድ ግን ተረፈ።

«ይኼኛውስ ማነው?» አለች ሳንዳ።

«እኔ እንጃ። በዋይፋይ አይደለም የመጣው፣ በገመድ ነው።»

ቁም ሳጥኑን ገፋ አድርገው ከኋላው አዩ። ሟቹ አያቷ ጋቭሪል በሰቀሏት ትንሽ የገመድ ማከፋፈያ ላይ አንዲት መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። አያቷ በዘመናቸው የሕንፃውን ግማሽ በገመድ ያስተሳሰሩ ሰው ነበሩ፤ ከሳቸው በኋላ ግድግዳው ከነገመዱ ቀለም ሲቀባ ኖሯል እንጂ የነካው የለም። ያቺ ገመድ ሙቅ ውሃ ይዞ ሁሉንም ፎቅ በሚያቋርጠው የማሞቂያ ቧንቧ ጎን ግድግዳው ውስጥ ትገባለች። ከዚያ ወዲያ ወደላይ ትውጣ ወደታች ትውረድ አይታወቅም።

«አላልኩህም? ሌባ ይዘናል!» አለች ሳንዳ፤ ደስታዋ ጣሪያ ነክቷል።

«ዝም ብለን ከምንዘጋው ሙድ እንያዝበት እንጂ። ኢንተርኔት ልግባ ሲል የኛ ገጽ ይውጣበት።»

ሬሙስ የራስ ቅል ሥዕል ፈልጎ አመጣ። ጽሑፉን የጻፈችው ግን ሳንዳ ነች፦ «ሌባ! ነቄ ብለናል። የሰው ኢንተርኔት ከምትጠባ የራስህን አስገባ!» ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሌባው ፊቱ እንዴት እንደሚሆን እያሰቡ እንደገና ሳቁ።

ሳቃቸው ሳያልቅ የማሞቂያው ቧንቧ ተንኳኳ። በዚያ ሕንፃ ደረጃ መውጣት መውረድ የሰለቸው ሁሉ ጎረቤቱን የሚጠራው ቧንቧ መትቶ ነው። ይህ ምት ደግሞ የታወቀ ነው፤ በማንኪያ፣ ጥድፍ ጥድፍ ያለ።

«እትዬ ቬታ ናቸው። ጩኸታችን ረብሿቸው ይሆናል» አለች ሳንዳ። ተያይዘው ወጡ።

እትዬ ቬታ በሩን ከፍተው ይጠብቋቸው ነበር። የክት ሰማያዊ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፣ ደረታቸው ላይ የብር ጌጥ አድርገዋል። ጠረጴዛው ላይ ኬክ ተቀምጧል፤ ከኬኩ ፊት ለፊት ታብሌታቸው የስኳር ዕቃውን ተደግፎ ቆሟል።

«ነይ የኔ ልጅ፣ ይሄን ጉድ እዪልኝ! አረንጓዴዋን ስነካት ዶይና ትመጣልኝ ነበር። ዛሬ የሞተ ሰው ራስ መጣብኝ። ልጆቼ ምን ሆኑብኝ?»

ሳንዳ ስክሪኑን አየች። የራስ ቅሉ ጥርሱን አግጦ ያያታል።

ዶይና የእትዬ ቬታ ልጅ ናት፤ ስፔን እንጆሪ ለቀማ ከሄደች ቆይታለች። ዛሬ ልጇ ትንሹ ሆሪያ አንድ ዓመት ይሞላዋል። ክርስትና እናቱ ከጸጉሩ ቀንጨብ ታደርጋለች፤ ከዚያ ብዙ ዕቃ የተደረደረበት ትሪ ይቀርብለታል። መጀመሪያ ያነሳው ነገር ሲያድግ ምን እንደሚሆን ይናገራል ተብሎ ይታመናል። አያቱ ይህን ለማየት ከጠዋት ጀምረው ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ሊጀመር ደግሞ ጥቂት ነው የቀረው።

«ዓይኔ ፊደሉን አልለይ አለኝ» አሉ። «እስቲ አንብቢልኝ።»

ሳንዳ ታብሌቱን ወደራሷ አዞረችው።

«ቫይረስ ነው እትዬ!» አለ ሬሙስ ፈጠን ብሎ።

እትዬ ቬታ እሳት እንደነካው ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ቫይረስ? ዶይና ነግራኛለች! ‹እንግዳ ነገር ካየሽ ወዲያው አጥፊው፣ ጡረታሽን ሙልጭ አድርገው ይወስዱታል› ብላኛለች።» ታብሌቱን አጠፉ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተቱ፣ ቆለፉበት። ቁልፉን ኪሳቸው አደረጉ።

«እትዬ፣ እኛ እኮ እናስተካክለው—»

«አይሆንም። በቃ፣ ፎቶ ይልኩልኛል።» ኬኩን በጨርቅ ሸፈኑት። ከዚያ ቀስ ብለው የብር ጌጣቸውን ከደረታቸው ይፈቱ ጀመር።

ሬሙስ ሳንዳን በዓይኑ ጠቀሳትና ራሱን ነቀነቀ፤ ዝም በይ ማለቱ ነው። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ታች ወርዳ ገጹን ታጠፋለች፣ መስመሩን ትከፍታለች፣ ነገሩ ተረስቶ ይቀራል። ታብሌቱ ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሆሪያም ትሪው ቀርቦለት አያቱ ሳያዩት ያነሳውን ያነሳል። ጌጡ ከቀሚሱ ሲላቀቅ ስታይ ሳንዳ አላስቻላትም።

«እትዬ ቬታ... ቫይረስ አይደለም። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ምን ብለሽ?»

«ሌባ... ብዬ። ኢንተርኔታችንን በግድግዳው ገመድ የሚሰርቅ ሰው መስሎኝ።»

«‹ነቄ ብለናል›ም ይላል» አለ ሬሙስ። ሲደነግጥ አፉን መዝጋት አይችልም።

«ነቄ ምንድነው ደግሞ?»

«ማለት... ደርሰንብሃል ማለት ነው።»

የእትዬ ቬታ ፊት ቀላ። «እኔ ነኝ ሌባ? እኔ ቬታ? ያቺን ገመድ እኮ አያትሽ ጋቭሪል፣ ነፍሱን ይማረው፣ በገዛ እጁ ግድግዳ በስቶ፣ ጫፏ ላይ የዋይፋይ ሳጥን ሰክቶ ነው ያወጣልኝ! ዶይና የሄደች ጊዜ ብቻዬን ሳለቅስ ሰምቶኝ። ‹ምን ልክፈል?› ስለው፣ ‹በዓመት አንድ ጠርሙስ ዛኩስካ፣ ቃሪያው በዛ ያለ› አለኝ። እሱ ቢሞትም አስቀርቼባችሁ አውቃለሁ? ዓይኔ ፊደል ባይለይም እጅጌሽ ላይ ያለውን የራሴን ዛኩስካ አያጣውም!»

ሳንዳ እጅጌዋን ከኋላዋ ደበቀች። አፏ ውስጥ ጣዕሙ ገና አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ ችግሩ፣ የእትዬ ቬታ ወለል ቢከፈት የምትወድቀው እዚያው የራሷ ሳሎን፣ ኮምፒውተሩ ላይ ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ። አላወቅኩም ነበር። መጠየቅ ነበረብኝ።»

«ይቅርታው ይቆይ!» አሉ እትዬ ቬታ፤ ቁልፉን ግን ከኪሳቸው እያወጡ ነበር። «መጀመሪያ ልጄን አምጪልኝ። ቁጣዬ የትም አይሄድም።»

ሳንዳ ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። ሬሙስ ታብሌቱን ይዞ ላይ ቀረ፤ መስመሩ ሲገናኝ ቧንቧውን ሊመታ ተስማምተዋል። ከአሮጌው ኮምፒውተር ፊት ተንበርክካ ገጹን አነሳች። ያቺን የማይታወቅ መስመር ለማስገባት ማሽኑ ስም ጠየቃት። «እትዬ ቬታ» ብላ ጻፈችና ተጫነችው፤ ከዚያ ጆሮዋን ቧንቧው ላይ ለጠፈች።

ጸጥታ። ቧንቧው ውስጥ ውሃ ሲንፎለፎል ብቻ ይሰማል። «እባክህ፣ እባክህ» አለችው ኮምፒውተሩን።

ድንገት ማንኪያው ጮኸ። እንደ ከበሮ ነው የተመታው።

ተመልሳ ስትደርስ እትዬ ቬታ ጌጣቸውን መልሰው አድርገው፣ አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ደርሶ ነበር። ማዶ ሆሪያ በአዲስ ሸሚዝ ትሪው ፊት ተቀምጧል። ማበጠሪያ አለ፣ እስክሪብቶ አለ፣ መጽሐፍ አለ፣ የእንጨት ማንኪያም አለ። ልጁ ሁሉንም በንቀት ቃኘ። ከዚያ ቀና ብሎ ትሪውን አልፎ እጁን ዘረጋና የሚቀርጸውን ስልክ ላፍ አደረገው። ስክሪኑ በእርጥብ መዳፍ ተሸፈነ።

«ስልኩን! ስልኩን አነሳ!» ስፔን ውስጥ ቤቱ በጩኸት ተናጋ።

«የኛ ሰው ነው!» አለ ሬሙስ።

እትዬ ቬታ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ኬኩን ወፈር ወፈር አድርገው ቆረጡላቸው። «ብሉ» አሉ፣ ሳንዳን በጎን እያዩ። «አትፍሩ፣ የተሰረቀ አይደለም።» ሳንዳ አንገቷን ደፍታ በላች። ጣፋጭ ነበር፤ እፎይም ብላለች።

ታች ሲመለሱ ሬሙስ የራስ ቅሉን ፋይል ሊያጠፋ ሄዶ ቆም አለ። «ጽሑፉን ግን እናቆየው ይሆን? እውነተኛ ሌባ ቢመጣስ?»

ሳንዳ እጇን በደንብ ታጠበችና ኪቦርዱን ወደራሷ ሳበች። የጻፈችውን ሁሉ አጠፋች። ጥቂት አሰበችና እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ማን ልበል? አራተኛ ፎቅ፣ በስተግራ ነን። ብቅ ይበሉና እንተዋወቅ።»

ሬሙስ ከትከሻዋ በላይ አንብቦ ሳቀ። «‹ይበሉ›? ሌባን አንቱ ልትይ ነው?»

«ማን እንደሆነ ገና አናውቅማ» አለችና ጽሑፉን እንደዚያው አስቀመጠችው።