«በእኔ አትመኪ» ያላት ሰው

ሥራዋ የሆስፒታሉን ኮምፒውተሮች እርስ በርስ ማገናኘት ነው። ባልደረቦቿ ግን «ደቂቃ» ነው የሚሏት፤ የግድግዳ ሰዓት ትንሽ ከዘገየ እህል አይወርድላትማ!

በዚያ ሰሞን የሰዓት ሰርቨር እንድትመርጥ ታዘዘች። የሆስፒታሉ ማሽኖች በሙሉ በኔትወርክ እየጠየቁ ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉበት፣ ለዓመታት የማይከዳ ሰርቨር። ካየቻቸው መካከል አንዱ ከመንገዱ ማዶ ባለው ኮሌጅ ውስጥ ይገኛል። ሳያስፈቅዱ በሰው ሰርቨር ላይ መንጠላጠል በሙያው ነውር ነውና ልታስፈቅድ ሄደች።

የላይኛው ፎቅ ላይ መስኮቷ ወደ ዛፎች የሚያይ ጠባብ ክፍል አለች። አንድ ወጣት በቀለም ብሩሽ የማሽን አቧራ ይጠርጋል። ቀና ብሎ ሲያያት ብሩሹ አየር ላይ ቀረ።

«ሰርቨርዎን እንድንጠቀም ፈቃድዎን ልጠይቅ ነበር» አለችው።

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«ለረጅም ጊዜ። ለሁልጊዜ ቢሆን ደስ ይለናል።»

ብሩሹን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ዓይኖቹ እንደ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ለስላሳ ናቸው፤ እሷም ለምን እንደመጣች ለአፍታ ረሳች።

«እንግዲያው በእኔ አትመኪ» አላት። አንቱታው መቼ እንደቀረ ሁለቱም አላስተዋሉም። «ሰዓቱስ ትክክል ነው፤ ጣሪያው ላይ ባለው አንቴና በቀጥታ ከሳተላይት ነው የሚቀበለው። እኔ ግን ዝናቡ ሳይገባ እሄዳለሁ። አጎቴ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝተውልኛል። ተተኪዬ ሶኬቱን ነቅሎ ስልኩን ቻርጅ ቢያደርግበትስ?»

ሳቀች። ደረጃውን ስትወርድ ግን ሳቋ ከዳት። ድሮ የምትወደውን አንድ ሰው «አትሂድ» ብላ እያለቀሰች ለምነዋለች። «የትም አልሄድም» ሲል ሰንብቶ አንድ ማለዳ ሹልክ አለ። ከዚያ ወዲህ ያቺን ቃል ዳግመኛ ለማንም ላትናገር ምላለች።

ስለዚህ የእሱን ትታ ሌሎች ሦስት ሰርቨሮች መረጠች። አንዱ ቢሳሳት ሁለቱ ያርሙታል ብላ ነው። ምርጫው አለቀ፤ ወደ ኮሌጁ መመላለሷ ግን አላለቀም። «ምክር ፈልጌ ነው» ትለዋለች። መስኮቱ ስር ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ማንኛውም ሰዓት ብቻውን ከተተወ ቀስ በቀስ መንገዱን እንደሚስት ይነግራታል። ከመስኮቱ ማዶ ዛፎቹ ይወዛወዛሉ፤ እሱ አንድ ነገር እንድትለው የሚጠብቅ ይመስል ያያታል፤ እሷ ዓይኗን ታሸሻለች።

እዚያው ሆስፒታል ነርስ የሆነችው ታላቅ እህቷ አላስቻላትም።

«አንቺ ልጅ፣ ምክር ሲቀበሉ ፊት እንዲህ ይፈካል እንዴ?»

«ይሄዳል እኮ፣ እትዬ።»

«አትሂድ በይዋ!»

«አልልም። ዝም አይነቅዝም።»

«ዝምታሽስ አይነቅዝም። ሰውዬው ግን ይሄዳል።»

አንድ ረፋድ ላይ ይህችው እህቷ ከዎርድ እየሮጠች መጣች። «ኮምፒውተሩ የበሽተኛዬ መድኃኒት ሰዓቱ ገና ነው ይላል! በእጅ ሰዓቴ ባልሰጠው ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር!»

ደቂቃ ሰርቨሮቿን ፈተሸች። ሦስቱም ተስማምተዋል፤ ሦስቱም ተሳስተዋል። ለካ ሰዓታቸውን የሚቀዱት ከአንድ ቦታ ነው፤ ያ ሲበላሽ አብረው ተበላሹ። ሦስት ምስክር ያለቻቸው፣ ከአንድ ሰው ወሬ የሰሙ ሦስት ጎረቤቶች ነበሩ። ትክክለኛውን ሰዓት የያዘው የእሱ ብቻ ነበር። ማሽኖቹን ወደ እሱ ሰርቨር አዙራ፣ ሁሉም መስተካከሉን አይታ፣ መንገዱን ተሻገረች።

እሱ መጻሕፍቱን ካርቶን ውስጥ እየከተተ ነው።

«ከየት እንደሚቀዱ አልጠየቅኩም» አለችው አፍራ።

«እኔም ጀማሪ ሳለሁ በዚሁ ተሸውጃለሁ፤ አይዞሽ።» ወንበር ሳበላት። የየራሳቸው አንቴና ያላቸው፣ ተንከባካቢያቸው የሚታወቅ ሌሎች ሰርቨሮችን አብረው መረጡ። «የእኔን ደግሞ ሰሞኑን ከዝርዝሩ አውጪው። ነገ መሄዴ ነው።»

ካርቶኑን አየች። ያኛው «አልሄድም» እያለ ሄደ። ይሄኛው ከመጀመሪያው ቀን እውነቱን ነገራት። እንደዚህ ያለውን ሰው በዝምታ መሸኘት ቂልነት መሰላት።

«አትሂድ» አለችው።

«ምን አልሽ?»

«ሰምተሃል። እወድሃለሁ፤ አትሂድ።»

ወንበር መስሎት ካርቶኑ ላይ ተቀመጠ። ካርቶኑ ተቀዶ ከነመጻሕፍቱ ወለሉ ላይ ዘረገፈው። እንባዋ ከሳቋ ጋር መጣ።

«እናቴ ሂድ አለችኝ» አላት ከወደቀበት ሳይነሳ። «አጎቴ ና አሉኝ። አለቃዬ መልካም መንገድ አለኝ። ቆይ ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። ከአንቺ እሰማት ይሆን እያልኩ ስንት ቀን ሻይ አፈላሁልሽ።»

እጇን ዘረጋችለት። «አጎትህን ምን ልትላቸው ነው?»

«ይዤሽ እሄድና ያዩሻል። ከዚያ ለምን እንደቀረሁ ይገባቸዋል።»

እጇን ያዘ፤ ለመነሳት ግን አልቸኮለም።