በካቻቢቴው ጫፍ

መምህር መርዕድ አሮጌ መኪና ሲመርጥ ቀለሟንም ሆነ ቆርቆሮዋን አስቀድሞ አያይም ነበር። በቴክኒክ ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት እንዳስተማረው፣ ረጅሙን ካቻቢቴ ከቦርሳው ያወጣል፤ ጫፉን ከሚሠራው ሞተር ብረት ላይ አሳርፎ እጀታውን ከጆሮው ጋር ያገናኝና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። «ዓይን ይሸነገላል፤ ብረት ግን አይዋሽም» ይላቸው ነበር ተማሪዎቹን።

ወደ ድሬዳዋ ያመጣው አንድ ቃል ነው። ልጁ ሜላት ከፋሲካ በኋላ ትዳራለች፤ በገዛ እጁ ባደሳት መኪና ራሱ ነድቶ ሊሸኛት ቃል ገብቶላታል። ሐኪሙ ግን ባለፈው ወር የልቡን ምት በገዛ ጆሮው አሰምቶታል፦ ሦስት ጊዜ መትቶ አራተኛውን የሚዘል፣ የደከመ ምት። ይህን ለሜላት አልነገራትም።

ደላላው ኢልያስ ከቀትር በኋላ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ወዳለ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን ወሰደው። ውጭ ፀሐዩ አስፋልቱን ያቀልጣል፤ መጋዘኑ ውስጥ ግን የከረመ ዘይትና የሻገተ የወንበር ቆዳ የሚሸት፣ ከደጃፉ ሁለት እርምጃ አልፎ ብርሃን የማያስገባ፣ ቀዝቃዛ ጨለማ ተኝቷል። በሩ ሥር አንዲት ቀይ ፊያት ቆማለች። ኢልያስ አስነሣት። መርዕድ አጎንብሶ አዳመጠ፤ ጤነኛ ነበረች።

«አቦ ጋሼ፣ መኪና ልትገዛ ነው ወይስ ሳል ልትመረምር?» ሲል ኢልያስ ሳቀ። «ይቺ እኮ ራሷ ሙሽራ ናት! በቃ ውሰዳትና እንገላገል።»

መርዕድ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ኢልያስ ሞተሩን አጥፍቶ ስልክ ሊያነሣ ወደ ደጅ ወጣ። ድምፁ ግን አብሮ አልጠፋም። ከመጋዘኑ ጥግ፣ አቧራ ከጠገበ ሸራ ሥር፣ ከመስማት ይልቅ በእግር ጫማ የሚታወቅ ቀርፋፋ ምት ይመጣ ነበር። መርዕድ ተከትሎት ሄዶ ሸራውን ገለጠ። ግራጫ ፔጆ ናት።

«እሷ አትሸጥም» አሉ የመጋዘኑ ባለቤት ወይዘሮ እልፍነሽ፣ ከጨለማው ውስጥ፣ ከመኪናዋ አጠገብ ከተቀመጡበት በርጩማ ላይ ሆነው። «ሞተር እንኳ የላትም። ከሟቹ ባለቤቴ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት።»

ክዳኑን ከፈተው። እውነታቸውን ነው፤ ሞተሩ በነበረበት ቦታ የሸረሪት ድር እንጂ ሌላ አልነበረም። ምቱ ግን አላቋረጠም።

«ኧረ በፈጠረዎት፣ አይንኳት!» አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ።

የካቻቢቴው ጫፍ ቀድሞ ብረቱ ላይ አርፎ ነበር። በመጀመሪያ የሰማው የብርቱን ሰው አረማመድ የሚመስል፣ ረጋ ያለ፣ የማይዛነፍ ምት ነው። ከዚያ በድንገት ጸጥ አለ፤ ተኝቶ የኖረ ነገር ሰው መምጣቱን አውቆ ትንፋሹን የዋጠ መሰለ። ከዚያም እንደገና ጀመረ። ሦስት ጊዜ መታ። አራተኛውን ዘለለው።

የራሴ ደም ነው በብረቱ በኩል የሚያስተጋባው፣ አለ መርዕድ በልቡ፤ እንደ መምህር ምክንያቱን ፈለገ። መዳፉን መኪናዋ ላይ አሳረፈ። ብረቱ እንደ ሰው ገላ ይሞቃል።

«ጋሼ! ቀይዋን ጨረስን አይደል?» ሲል ኢልያስ ከደጅ ተጣራ።

መርዕድ የካቻቢቴውን ጫፍ በራሱ ደረት ላይ፣ ሐኪሙ ባሳየው ቦታ ላይ አደረገ፤ አንገቱን ደፍቶ ጆሮውን ከእጀታው ጋር አገናኘና ዓይኑን ጨፈነ። የሜላትን ስም እየጠራ ረጅም ጊዜ ጠበቀ። ብረቱ ምንም አልነገረውም።

ወይዘሮ እልፍነሽ ከበርጩማቸው ተነሡ። ከነጠላቸው ሥር እጀታው ዘወትር ጉንጭ እየነካው የለሰለሰ አሮጌ ካቻቢቴ አወጡና፣ የዕለት ጸሎቱን እንደሚያደርስ ሰው በዝግታ ከፔጆዋ ብረት ላይ አሳርፈው አዳመጡ።

«ይህ ምት እኮ የባለቤቴ አይደለም» አሉ፣ እንባቸው እየወረደ።