ጅዳ ስትደርሺ ይፈታል

ጥላነሽ ከወሎ ከመውጣቷ በፊት እናቷ ደጃፍ ላይ አስቀምጣ ፀጉሯን ሠራቻት። ሃያ ሁለት ቀጫጭን ሹሩባ ነበር፤ ከግንባሯ ጀምሮ ግጥም ተደርጎ የተያዘ፣ ጫፉ በጥቁር ክር የታሰረ። በእነ ጥላነሽ ሰፈር መንገድ የምትወጣ ልጅ በእናቷ እጅ ሳትሠራ አትሄድም። የሚፈታላትም በሄደችበት አገር የሚቀበላት ዘመድ ነው።

«ጅዳ ስትደርሺ አክስትሽ ትፈታልሻለች። እስከዚያ ማንም እጁን እንዳይሰድበት» አለች እናቷ፤ በሹሩባው ላይ እጇን ጭና መረቀቻት። ጥላነሽም ቃል ገባች።

መንገዱ ግን የመን፣ ኤደን ከተማ ላይ ቆመ። ደላላው በየቀኑ «ቡክራ» ይላል፤ ነገ ማለቱ ነው። ነገ ሲመጣ ሌላ ቡክራ ይዞ ይመጣል። እሷም ሀሽሚ ገበያ አጠገብ እንደሷ ለሥራ ከመጣች የአገሯ ልጅ ከሰኒ ጋር በአንዲት ክፍል እየኖረች፣ ሰው ቤት እያጸዳች ትጠብቃለች።

ባሕር ስትሻገር በራሷ ላይ የተረጨው ጨው በደንብ ሳይታጠብ ቀርቷል። የኤደን ሙቀት ደግሞ ከሻርፕ በታች ሌላ ሙቀት ይጨምራል። ውሃ የሚመጣው በሦስት ቀን አንዴ ነው፤ እሱም ቢሆን ጨው ጨው ይላል። በሁለተኛው ወር ራሷን ያሳክካት ጀመር። ሹሩባ የተሠራች ሴት እንደ ልቧ ማከክ አትችልምና በመዳፏ መታ መታ ታደርገዋለች።

«ራስሽን እንደ በር ታንኳኪያለሽ» አለቻት ሰኒ እየሳቀች። «ውስጥ ሰው አለ እንዴ?»

«ያሳክከኛል።»

«እያደገ ነዋ። የማያድግ ፀጉር መች ያሳክካል? ቫዝሊን ለቅልቂበት።»

ለቀለቀችበት። ላቡ፣ አቧራውና ጨው ከቫዝሊኑ ጋር ተጣብቀው በሹሩባዎቹ መሃል ነጭ ቅርፊት ሠሩ። ገላዋን በታጠበች ቁጥር የሥራ ሰዓት ስለሚደርስባት ፀጉሯ ሳይደርቅ ሻርፗን ታስርበታለች። ሲብስባት የሚዶዋን ጭራ በሹሩባዎቹ መሃል እየሰደደች ትፎክታለች። ሲደማ ይቀልላታል፤ ማሳከኩ ለጥቂት ጊዜ ይተዋታልና።

አንድ ቀን ሁለተኛ ቫዝሊን ልትገዛ ገበያ ወጣች። ከሱቁ ጎን ኤልሣ የምትባል ሴት ፀጉር ቤት አላት። አባቷ ከአገር ቤት በወደብ ሥራ መጥተው ኤደን የቀሩ ሰው ናቸው፤ እሷም እዚያው ተወልዳ አርባ ዓመት ሊሞላት ነው። ጥላነሽ ራሷን መታ መታ ስታደርግ በበሩ አየቻት።

«ተዓሊ፣ ነይ እስቲ። ከተሠራሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ሦስት ወር።»

«ያ ዐይኒ፣ የዐይኔ ብርሃን፣ ሹሩባ እኮ ስድስት ሳምንት ነው፤ ቢበዛ ሁለት ወር። ከዚያ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ፀጉሩም ያርፋል።»

«አይፈታም። ለእናቴ ቃል አለብኝ።»

ኤልሣ ሻርፑን ገለጥ አድርጋ ሥሩን አየች። «እሺ፣ ሳይፈታም መንከባከብ ይቻላል። ሻምፖውን በውሃ አቅጥኚና ቆዳውን በጣትሽ ጫፍ ብቻ አሸት አሸት አድርጊው፤ በጥፍር እንዳይሆን። ደህና አድርገሽ አለቅልቂው። ሳይደርቅ አትሸፍኚው። ቆዳው ሲደርቅብሽ መጀመሪያ ትንሽ ውሃ፣ ከዚያ ጥቂት የሰሊጥ ዘይት በመስመር በመስመሩ። በቆሻሻ ላይ ቅባት መጨመር ቆሻሻውን ማተም ነው። የግንባርሽ ደግሞ በጣም ጠብቋል። ቁጭ በይ፣ እሱን እንኳ ላላላልሽ። ምንም አላስከፍልሽም።»

«ጅዳ ስደርስ» አለች ጥላነሽ።

ኤልሣ ሻርፑን መልሳ አለበሰቻት። የሰው እናት ቃል መሃል መግባት ከበዳት።

ጥላነሽ ምክሩን ንቃ አልነበረም። ልትታጠብ ባሰበችበት ሳምንት ውሃው አምስት ቀን ጠፋ፤ የተገኘችው ጀሪካን ለመጠጥ ዋለች። ወዲያው ደግሞ ደላላው «ለሐሙስ ተዘጋጂ» አላት። ጥቂት ቀን ነው፣ አክስቴ ትፈታዋለች ብላ ተወችው። ሐሙስ መጣ፤ አልሄደችም። የሚቀጥለውም ሐሙስ መጣ።

በአራተኛው ወር ከጆሮዋ ኋላ አበጠ፤ አንገቷን ማዞር አቃታት። ከሻርፑ ሥር ሽታ መውጣት ሲጀምር ሰኒ መቀለዷን ተወች። ክንዷን ይዛ ኤልሣ ዘንድ ወሰደቻት።

ኤልሣ የመጀመሪያውን ጥቁር ክር ስትቆርጠው ጥላነሽ ዐይኗን ጨፈነች። ሁለት ሹሩባ ተፈታ። ሦስተኛው ላይ የኤልሣ እጅ ቆመ።

«ምነው?» አለች ጥላነሽ።

ዐይኗን ስትገልጥ ሹሩባው ሳይፈታ ከነሥሩ ኤልሣ መዳፍ ላይ ተኝቷል። የእናቷ አሠራር አልተበላሸም ነበር። አንዲት ዘለላ እንኳ አልተዛነፈችም። ከራሷ ላይ ብቻ ለቋል።

«ለእናቴ ምን እላታለሁ?» አለች። «የመረቀችኝ በሱ ላይ ነው።»

«ምርቃቱ ፀጉሩ ውስጥ አይደለም፣ እኅቴ። ከአፏ ወጥቶ በጆሮሽ ገብቷል፤ እሱን ማንም አይፈታውም» አለች ኤልሣ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያን ቀን በግድ አስቀምጬሽ ቢሆን ኖሮ» አለች። ሰኒ ወለሉን ታይ ነበር።

ሁለቱ ሐኪም ቤት ወሰዷት። ሐኪሙም መግሉ በመድኃኒት እንደሚድን ነገራት። ግንባሯ ዳርና ጆሮ ግንዶቿ ላይ ግን ሥሩ በመጎተትና በቁስሉ ሞቷል፤ «ይበቅላል ብዬ አልዋሽሽም» አላት።

ቅዳሜ እናቷ ከተማ ወጥታ በዘመድ ስልክ ደወለች። በምስሉ ላይ ታናሽ እኅቷ ጽናት እናቷ ጉልበት መሃል ተቀምጣ ግንባሯን ቋጥራለች። እናቷ ሹሩባዋን እስከ ግማሽ ሠርታላታለች።

«ጥልዬ፣ አልፈታሽውም አይደል? እስቲ አሳዪኝ» አለች እናቷ።

ሻርፑ ታስሯል። አልፈታሁትም ብሎ ምስሉን ማጥፋት ቀላል ነበር። ጥላነሽ የጽናትን የተቋጠረ ግንባር አየች። ሻርፗን አወለቀች።



«እኔ ነኝ ያጠበቅሁት» አለች እናቷ።

«እኔም አልፈታ ብያለሁ፣ እማ። የጽናትን አላልተሽ ሥሪላት። አመመኝ ካለችሽ እመኛት። በየስድስት ሳምንቱ ፍቺው፤ እጠቢውና ሲደርቅ ዘይት ቀቢላት። ስትወጣ መርቂያት፤ ፍቺው ብለሽም መርቂያት።»

እናቷ የልጇን ራስ ልትዳስስ እጇን ወደ ስልኩ ዘረጋች። ጣቷ መስታወቱ ላይ ቀረ። ጥላነሽም ከዚህ ሆና ራሷን ወደ ስልኩ አስጠጋች፤ ምን እንደሚጠቅም አታውቅም።

ከዚያ እናቷ እጇን መለሰች። ወደ ጽናት ዝቅ ብላ፣ የሠራችውን ሹሩባ ከግንባሯ በኩል አንድ በአንድ መፍታት ጀመረች።